ሰምና ወርቅ የማይፈቀድለት ቃል
ስለ ፖሊስ የሬድዮ አነጋገር የቀረበ አስተያየት

ቃል የሚመዘነው በሚነገርበት ቦታ ነው። በቅኔ ማኅሌት ያስመሰገነ ቃል በዳኛ ፊት ሊያስረታ፣ በገበያ ያዋጣ ቃል በለቅሶ ቤት ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ አንድ ንግግር መልካም ነው ወይም አይደለም ከማለት በፊት ማን ለማን፣ በየት ሆኖ፣ በምን መሣሪያና ስለ ምን ጉዳይ እንደ ተናገረው መመርመር ይገባል። ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የደራሲያንን ቃል ነው። እኔ ግን ዛሬ ለምርመራ ያቀረብሁት ደራሲው የማይታወቅ፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት አንድ የንግግር ዓይነት ነው፤ ይኸውም ፖሊስ በሬድዮ የሚነጋገርበት አጭር ቃልና የምልክት ቁጥር ነው።

ነገሩ ከሥነ ጽሑፍ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ቋንቋ የባለቅኔ ብቻ ሳይሆን የፖሊስም መሣሪያ ነው። ባለቅኔው አንድ ቃል ቢስት የሚደርስበት የመምህሩ ተግሣጽ ነው፤ ፖሊሱ ቢስት ግን ወደ ደጀን መሄድ የሚገባው መኪና ወደ ደምበጫ ይሄዳል፤ ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚገኙ ናቸው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሌላው ምክንያት የምኖርበት አገር ጠባይ ነው። ጐጃም የቅኔ ምድር ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች፣ እንዲሁም ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ስንት ሊቃውንት እንዳፈሩ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከዚህ ትምህርት የተነሣ የገበሬውም የነጋዴውም ንግግር ድርብ ትርጉም ይወዳል፤ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ሰሚው ቆፍሮ እንዲያወጣው ይተወዋል። ሰሚውም ቃሉን እንደ ሰማው አይቀበለውም፤ ያገላብጠዋል፤ ኅብሩን ይፈልጋል። ይህ ለአእምሮ ታላቅ ማሠልጠኛ ነው። ነገር ግን በሌሊት፣ በነፋስና በመኪና ጩኸት መካከል ሬድዮውን በጆሮው አስጠግቶ የያዘ ፖሊስ ቃል የሚያገላብጥበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የምለው ባጭሩ ይህ ነው፤ የፖሊስ የሬድዮ ቃል የቅኔ ተቃራኒ መሆን አለበት፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ ትርጉም፣ አንድ መልስ። ይህም የሚገኘው ከውጭ በተወሰደ የምስጢር ቁጥር ሳይሆን የራሳችንን ቋንቋ ጠባይ በሚገባ በመመርመር ነው።

የነገሩን አመጣጥ በጥቂቱ እንመልከት። በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 በሬድዮ ለመኪናዎቹ ትእዛዝ ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ድምፅ የሚሄደው ከጣቢያው ወደ መኪናው ብቻ ነበር፤ ፖሊሱ ይሰማል እንጂ አይመልስም፤ ለመመለስ መኪናውን አቁሞ ስልክ መፈለግ ነበረበት። ሁለቱም ወገኖች የሚነጋገሩበት ሬድዮ በኒው ጀርዚ ግዛት በባዮን ከተማ በ1933 ሥራ ጀመረ። መነጋገር ሲበዛ ግን መንገዱ ተጨናነቀ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ስላለበት ቃልን ማሳጠር ግድ ሆነ። በ1937 ገደማ በኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ የመገናኛ ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ሆፐር ለተለመዱት መልእክቶች ቁጥር ሰጠ፤ ከእያንዳንዱም ቁጥር በፊት «አሥር» የሚል ቃል አስቀደመ። «አሥር አራት» ሰምቻለሁ፣ «አሥር ዘጠኝ» ይደገም፣ «አሥር ሃያ» ያለህበት ቦታ ማለት ሆነ።

«አሥር» የተባለው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ለምስጢር ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን የመሣሪያው ድካም ነው። በዚያን ዘመን የሬድዮው ኃይል ሰጪ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ እስኪዞር ጥቂት ጊዜ ይፈልግ ስለ ነበር ተናጋሪው ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ቢናገር የመጀመሪያው ድምፅ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ «አሥር» ለመጥፋት የተዘጋጀ ቃል ነው፤ እርሱ ቢጠፋ ዋናው ቁጥር ይተርፋል።

ይህን ብልሃት የእኛ አገር ሰው ከሞተርና ከሬድዮ በፊት ያውቀዋል። በደጋው አገር ከሸንተረር ሸንተረር የሚጣራ ሰው መልእክቱን ወዲያው አይለቀውም። አስቀድሞ «ኧረ እገሌ!» ብሎ ስሙን እያስረዘመ ይጣራል፤ «አቤት!» ወይም «ወይ!» የሚል መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ይናገራል። አዋጅ ነጋሪውም ነጋሪቱን ጎስሞ «ስማ! ስማ!» ሳይል ዋናውን ቃል አያወጣም። ነፋሱ «ኧረ»ን ቢወስደው፣ የገበያው ጫጫታ የመጀመሪያውን «ስማ» ቢውጠው፣ የሚጐዳ ነገር የለም። ጥሪ፣ መልስ፣ መልእክት፤ ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ በዓለም ያሉ የሬድዮ ሠራተኞች ሁሉ የሚማሩት ሥርዓት ነው። የእኛ ተማሪ ይህን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ ሊቀበለው አይገባም፤ እረኛ ሳለ የሠራበት ነው።

እንግዲህ የቁጥሩን ምልክት እንመዝነው። ምስጋናው አጭርነቱ ነው። ነቀፌታው ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቁጥር ለአእምሮ ሥዕል አይሰጥም። «እሳት» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ጢሱን ያያል፤ ቁጥርን የሰማ ግን መጀመሪያ ከማኅደረ አእምሮው መፈለግ አለበት፤ ፍርሃት ደግሞ መጀመሪያ የሚሰርቀው ማስታወስን ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥር ያለ ውል ትርጉም የለውም፤ ውሉም እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የፖሊስ መገናኛ ባለሙያዎች ማኅበር ዝርዝር «አሥር አሥራ ሦስት» የአየርና የመንገድ ሁኔታ ማለት ሲሆን በኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ዘንድ ግን ፖሊስ አደጋ ላይ ነው፤ ድረሱለት ማለት ነው። አንዱ ሞት ሲያይ ሌላው ስለ ዝናም እንደ ተጠየቀ ያስባል። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክና በዋሺንግተን የደረሰው አደጋ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቋንቋ መነጋገር እንዳለባቸው ካሳየ በኋላ የአገሪቱ መንግሥት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት በሚሠሩበት አደጋ ላይ ግልጽ ቃል እንጂ የምልክት ቁጥር እንዳይነገር ደንብ አወጣ። ቁጥሩን የፈጠረው አገር ራሱ ወደ ተራው ቃል ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ ስለ ምስጢር ነው። የቁጥር ወዳጆች «ወንጀለኛው እንዳይሰማ» ይላሉ። ነገር ግን ብዙ ሺህ ሰው የሚያውቀው ምስጢር ምስጢር አይደለም። ከ1955 እስከ 1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር «ሀይዌይ ፓትሮል» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «አሥር አራት» ሲባል የአሜሪካ ሕፃን ሁሉ ቃሉን ለጨዋታ ያዘው። የእኛም ታሪክ ስለ ሬድዮ ምስጢር ያስተማረን ከባድ ትምህርት አለ። በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር በሬድዮ የተላለፈ መልእክት በጠላት እንደ ተጠለፈ የጦር አዛዡ ባዶሊዮ ራሱ ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ገልጾታል። በአየር ላይ የተለቀቀ ቃል የሰሚው ሁሉ ነው። ዛሬ ድምፅን ለሌላ ሰው ጆሮ የማይገባ አድርጎ የሚያመሰጥር መሣሪያ ስላለ ምስጢሩን ለመሣሪያው መተው፣ ቃሉን ግን ግልጽ ማድረግ ይሻላል። ከዚህ የምለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤተ ዘመድ ባጠገብ ቆሞ ሳለ የሞት ዜና በሬድዮ በግልጽ እንዳይነገር ጥቂት የተከለሉ ቃላት መኖራቸው ነውር የለውም። ይህ ምስጢር ሳይሆን ጨዋነት ነው።

ነገር ግን «ቁጥሩ ይቅር፤ በአማርኛ ይነጋገሩ» ብሎ ማቆም ሰነፍ ሐያሲ መሆን ነው። አማርኛችን ለሬድዮ ሲቀርብ የራሱ ወጥመዶች አሉት፤ ከነዚህም ዋናው «እሺ» ነው። እሺ ይበልጣል ከሺ እየተባልን ስላደግን ይህን ቃል ሳንመረምር እንጠቀምበታለን። እሺ ማለት አንዳንድ ጊዜ ሰማሁ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ተስማማሁ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አደርገዋለሁ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አክብሬህ ነው እንጂ አላደርገውም ነው። በሌላው ዓለም የሬድዮ ቋንቋ መስማትና መፈጸም ሁለት የተለያዩ ቃላት አሏቸው። «ሮጀር» ማለት መልእክትህ ደርሶኛል ብቻ ነው፤ «ዊልኮ» ማለት ግን እፈጽመዋለሁ ነው። አዛዡ «ወደ አማኑኤል መንገድ ሂዱ» ቢልና መልሱ «እሺ» ቢሆን፣ ሰዎቹ መንገድ ጀመሩ ወይስ ገና ሰሙ? ስለዚህ በሬድዮ ላይ «እሺ» ተከልክሎ «ሰማሁ» እና «እፈጽማለሁ» በየቦታቸው ሊገቡ ይገባል።

ሁለተኛው ወጥመድ የሰዋስዋችን አሠራር ነው። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያኖራል፤ አዎንታና አሉታም የሚለዩት እዚያው ጫፍ ላይ ነው። የሬድዮ ተናጋሪ ደግሞ ንግግሩን ሳይጨርስ የመናገሪያውን ቁልፍ የመልቀቅ ልማድ አለው። «ሰውዬው መሣሪያ የታጠቀ አይደለም» ሲል መጨረሻው ቢቆረጥ ሰሚው የሚይዘው «ሰውዬው መሣሪያ የታጠቀ» የሚለውን ነው። የቀረውን ፍርሃቱ ይሞላለታል፤ ፍርሃትም የሚሞላው «ነው» ብሎ ነው። ምናልባት አንድ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ሕይወቱ የምታልፈው ባልተሰማው በዚያ «አይደለም» ይሆናል። «ያልታጠቀ» ማለትም ብዙ አያድንም፤ ከ«የታጠቀ» የሚለየው በአንዲት ቀጭን «ል» ነውና። መድኃኒቱ አሉታውን ትቶ ሌላ ቃል መምረጥ ነው፤ «እጁ ባዶ ነው» ቢባል የጫፉ መቆረጥ ነገሩን አያፋልሰውም።

ሦስተኛው የቃላት መንታነት ነው። «ጠፋ» የሚለውን ተመልከቱ። ልጁ ጠፋ ሲባል የሚያሳዝን ሕፃን ነው፤ እስረኛው ጠፋ ሲባል የሚታደን ሰው ነው፤ እሳቱ ጠፋ ሲባል ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። «አረፉ» ዕረፍትም ሞትም ነው። «ተመታ» በዱላ ነው ወይስ በጥይት? አክብሮታችንም እንዲሁ መንታ ነው። «ደርሰዋል» ሲባል የደረሱት አንድ የተከበሩ አለቃ ናቸው ወይስ አሥር ሰዎች? ለአክብሮትና ለብዙ ቁጥር አንድ ዓይነት ግሥ ስላለን በሬድዮ ላይ «አንድ ሰው» ወይም «አሥር ሰው» ብሎ ቁጥሩን መግለጽ ግድ ይሆናል።

ቁጥር ካነሣን ዘንድ እርሱም ጣጣ አለው። «ሰባት» እና «ሰባ»፣ «አምስት» እና «አምሳ» በሚንሿሿ ሬድዮ ውስጥ ይመሳሰላሉ። በሌላው ዓለምም ይህ ችግር ስላለ የአየር መንገድ ሠራተኞች በእንግሊዝኛ ዘጠኝን ሲጠሩ ከአምስት ጋር እንዳይምታታ ቃሉን ያስረዝሙታል። እኛም የመኪና ሰሌዳ 70617 ሲሆን «ሰባ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሰባት» ከማለት «ሰባት፣ ባዶ፣ ስድስት፣ አንድ፣ ሰባት» ብንል እያንዳንዱ አኃዝ ብቻውን ይቆማል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት የሆነው በስልኩ ላይ ዘጠኝ ተብሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ «ከጧቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ሳይባል ሰዓት አይነገር።

የቦታ ስም ደግሞ በአካባቢያችን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ይጀምራሉ። መጨረሻው ቢቆረጥ ሰሚው የሚይዘው «ደብረ» ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወስደው አቅጣጫ ባለው በስናን ወረዳ «ረቡዕ ገበያ» የምትባል ከተማ አለች። «ረቡዕ ገበያ ላይ ጠብ ተነሥቷል» ቢባል ስለ ከተማይቱ ነው ወይስ በረቡዕ ቀን ስለ ዋለ ሌላ ገበያ? የአገሩ ተወላጅ ይገባው ይሆናል፤ ከሌላ አካባቢ የተዛወረ ፖሊስ ግን ማክሰኞ ዕለት ቢሰማው ይደናገራል። «ከተማ» ወይም «ወረዳ» የሚል አንድ ቃል ቢታከል ችግሩ በዚያው ይቀራል። መልክዐ ምድሩም አይረዳንም፤ የእጅ ሬድዮ ድምፅ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጮቄና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው የዓባይ በረሃ ባሉበት አገር ግማሽ ዐረፍተ ነገር ብቻ መድረሱ የማይቀር ነው።

እስካሁን የቋንቋችንን ችግር አበዛሁ፤ አሁን ሀብቱን ላሳይ። የላቲን ፊደል ተጠቃሚዎች በጩኸት መካከል ፊደል ለመለየት «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» የሚለውን ዝርዝር ብዙ ደክመው አጥንተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 በዓለም አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አዋሉት። የእኛ የፊደል መምህራን ግን አስቀድመው «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ» ብለው ስም ሰጥተዋል። የእንግሊዞቹም የእኛም «አ» አልፋ መባሉን ልብ ይሏል። በዚህ ላይ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ የሚባል ተራ አለን። «እሳቱ ሰ፣ ራብዕ» ያለ ሰው «ሳ»ን ያለ ጥርጥር አስረክቧል። ሠላሳ ሦስት የፊደል ስሞችና ሰባት የተራ ስሞች፣ ማለት በጠቅላላው አርባ ቃላት፣ 231 ፊደላትን ይለያሉ። ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጃችን ሳለ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» በመዝገብ ላይ እየተምታቱ ተፈላጊው ስም አልተገኘም መባሉ ያሳዝናል።

እርግጥ የጥንቱ ስያሜ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ለመለየት የተሠራ ስለ ሆነ በሬድዮ የሚመሳሰሉትን «ተ»ና «ጠ»ን፣ «ከ»ና «ቀ»ን፣ «መ»ና «ነ»ን አይጨምርም። ግን መንገዱ ተከፍቷልና መከተል ነው። «ተልባው ተ፣ ጠጁ ጠ፣ ከበሮው ከ፣ ቀስቱ ቀ፣ መስኩ መ፣ ነብሩ ነ» ቢባል ምን ይጎድለዋል? የፖሊስ ማሠልጠኛና የቋንቋ መምህራን በአንድነት ቢቀመጡበት ሥራው ረጅም ጊዜ የሚፈጅ አይመስለኝም።

አንድ ተቃውሞ ግን በቅን ልቡና መመለስ አለበት። አገራችን የብዙ ቋንቋ አገር ናት፤ በጎረቤታችን በአዊ አገውኛ ይነገራል፤ ዓባይን ስንሻገር ኦሮምኛ እንሰማለን። «ቁጥር የሁሉ ነው፤ ለማንም አያዳላም» የሚለው አስተያየት ሚዛን አለው። መልሴ ይህ ነው፤ ጥቂት የሆኑ፣ ምናልባት ሃያ የማይሞሉ ዋና ዋና ቃላት ተመርጠው በየቋንቋው አቻቸው ይጻፍ፤ ሁሉም የራሱንና የጎረቤቱን ይማር። ሃያ የጎረቤት ቃል መማር መቶ ቁጥር ከመሸምደድ ይቀላል፤ ከዚያም በላይ ያቀራርባል። የድረሱልኝ ጥሪም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እንደሚሻገር ምሳሌ አለ። የአየርና የባሕር ተጓዦች በጭንቅ ጊዜ ሦስት ጊዜ የሚጮኹት «ሜይደይ» የሚለው ቃል በ1920ዎቹ በለንደን አጠገብ በነበረው በክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ የሬድዮ ሠራተኛ በነበረው በሞክፎርድ የተመረጠ ሲሆን፣ የተወሰደው «እርዱኝ» ከሚል የፈረንሳይኛ አነጋገር ነው፤ የዚያ ማረፊያ በረራ ብዙው ወደ ፓሪስ ነበርና። እንግሊዙ ለፈረንሳዩ ጆሮ ሲል የፈረንሳዩን ቃል መረጠ። ይህ ብልህነት ለእኛም ይበጃል።

በመጨረሻ ስለ ጨዋነት አንድ ነገር ልጨምር። «ድገም!» የሚለው ትእዛዝ ከተራ ፖሊስ ለአለቃው ሲነገር በእኛ ዘንድ ድፍረት ነው፤ ስለዚህ የበታቹ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ ማለፍ ይቀለዋል፤ ከዚህ የሚከተለው ጥፋት ቀላል አይደለም። ቋንቋችን ግን መውጫ አዘጋጅቷል፤ «ይደገም» ቢል ማንንም አያዝም፣ ማንንም አያዋርድም። በመድረክ «ይደገም» የሚባለው ቃሉ ስለ ጣመ ነው፤ በሬድዮ ግን ስላልተሰማ ነው። እንዲሁም ተናጋሪው ተራውን ሲለቅ «መልስ»፣ ንግግሩን ፈጽሞ ሲዘጋ «አበቃ» ቢል ይበቃል። ሁለቱን ባንድነት መናገር ግን እንግዳን «ግባ» ብሎ በሩን በፊቱ እንደ መዝጋት ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ሹማምንት ደንብ ሲያወጡ፣ መምህራን ቋንቋ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎችም የፊደልን ስም ሲያጠኑ ይህን ያስቡበት። በሌሊት ወደ 991 ደውሎ «ድረሱልኝ!» የሚል ሰው ቃሉን አሳምሮ አይናገርም፤ ያለቅሳል፤ ይደነጋገራል፤ ስሙን እንኳ ይረሳል። ያንን ጩኸት ተቀብሎ የት፣ ምን፣ ስንት ሰው፣ ምን የያዘ ብሎ በአራት ጥያቄ አጣርቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመኪናው የሚያስተላልፈው ተረኛ ሠራተኛ፣ ማንም የማያጨበጭብለት የቃል ባለሙያ ነው። ቅኔው በማኅሌት ይዘረፍ፤ ሰምና ወርቁ ይብዛ። በሬድዮ ላይ ግን ወርቁ ከላይ ይሁን፤ ቆፍሮ የሚያወጣው ሰው ጊዜ የለውምና።